ሲጽፉት ሰማያዊ፣ ሲያድር ጥቁር

ሥራዬ የሌሎችን ጽሑፍ ማረም ነው። ቀኑን ሙሉ ቀጭን የፎቶ ኮፒ ወረቀት ላይ፣ በጠባብ መስመሮች መሃል እጽፋለሁ። ለዚህ ሥራ ፋውንቴን ፔን፣ ማለትም ፈሳሽ ቀለም እየተሞላ የሚጻፍበትን ብዕር፣ የሚመርጥ ሰው ብዙ አይደለም። ተራው ቀለም ተራ ወረቀት ሲነካ ይሰራጫል። የፊደሉ ጠርዝ ፀጉር ያወጣል። “ቱ” እና “ቲ” የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው፤ ጭረቷ ካበጠች እርማቱን የሚቀበለው ሰው ይሳሳታል። ወረቀቱን ገልብጬ ስጽፍ ደግሞ የፊተኛው ገጽ ጽሑፍ አልፎ ይመጣብኛል።

እስክሪብቶ አለ አይደል ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ። ግን እስክሪብቶ መጫን ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ሲጫኑ የዋሉ ጣቶች ማታ ያማሉ። ፋውንቴን ፔን በራሱ ክብደት ይጽፋል። ስለዚህ ብዕሬን ይዤ ቀለሙን ቀየርኩ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነኝ።

ቀለሙ አይረን ጎል ይባላል። እኔ ባለብረት ቀለም እለዋለሁ። ጎል ማለት ኦክ በሚባለው ዛፍ ላይ የሚወጣ እባጭ ነው። አንዲት ትንሽ ተርብ እንቁላሏን ስትጥልበት ዛፉ እዚያ ቦታ ላይ ያብጣል። እባጩ ታኒን የሚባል ነገር ሞልቶበታል። ታኒኑና የብረት ሰልፌት በውሃ ውስጥ ሲገናኙ ይህ ቀለም ይገኛል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነው። ብልቃጡ ውስጥ እያለ ብረቱ በውሃው ሟሙቶ ይቀመጣል፤ መልኩም ፈዛዛ ነው። በዚያ ሁኔታ የሚያቆየው አሲድ ነው። ወረቀት ላይ ሲያርፍ አየር ያገኘዋል። ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ውሃ ወደማያሟሟው ጥቁር ነገር ይለወጣል። ይህ ሲሆን ደግሞ ቀለሙ ወረቀቱ ክር ውስጥ ገብቷል፤ እዚያው ይቀራል። ስንጽፍ የምናየው ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ለብቻው የተጨመረ ማቅለሚያ ነው። እሱ ባይኖር የጻፍነውን ለማየት መጠበቅ ነበረብን።

ዕድሜው ረጅም ነው። ኮዴክስ ሲናይቲከስ የሚባለው የ4ኛው መቶ ዘመን የግሪክኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ዓይነት ቀለም ተጽፏል። የአሜሪካ የነጻነት መግለጫም እንዲሁ። ጉዳቱም የታወቀ ነው። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በእጁ የጻፋቸው ኖታዎች ላይ ቀለሙ ወረቀቱን በልቶታል፤ ባለሙያዎች ብዙ ደክመው ነው ያተረፏቸው። ይህን የሰማ ሰው ብዕሬንም ይበላብኛል ብሎ ይፈራል። እኔም ፈርቼ ነበር። ለፋውንቴን ፔን የሚሠሩት የዛሬዎቹ ግን ብረታቸውም አሲዳቸውም በጣም ያነሰ ነው። በድሮው አሠራር የሚዘጋጅ፣ እየነከሩ ለሚጽፉበት ብዕር የሚሸጥ ቀለም አሁንም አለ። እሱ ሙጫ አለበት። ፋውንቴን ፔን ውስጥ እንዳታስገቡት።

የጀመርኩት በሳሊክስ ነው። የሚሠራው ሮረር ኡንድ ክሊንግነር የሚባል የጀርመን ድርጅት ነው፤ ብልቃጡ 50 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ሲጽፉት ደስ የሚል ሰማያዊ ነው። ዓይናችሁ እያየ ይጠቁራል። የገጹን መጨረሻ ጽፌ ወደ ላይ ስመለስ የመጀመሪያው መስመር ከመጨረሻው ይለያል። በማግስቱ ወደ ግራጫ የሚያደላ ረጋ ያለ ሰማያዊ ሆኖ ይጠብቀኛል። ሙሉ በሙሉ ጥቁር አይሆንም። ፎቶ ኮፒ ወረቀት ላይ ግን መስመሩ እንደ ክር ይቀጥናል። ጠርዙ አይሸረፍም። በጀርባው ያለ ምንም ችግር እጽፋለሁ። ለእኔ ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም፤ ሌላውን ሁሉ የቻልኩለት ለዚህ ብዬ ነው።

እንከኑ ድርቀት ነው። ባለብረት ቀለሞች በአብዛኛው እንደሌላው ቀለም በብዛት አይፈሱም። ጫፉ ወረቀቱን ሲነካ ትንሽ ሸካራነት ይሰማል። ስስታም ብዕር ላይ ስሞላው ፊደሉ ግማሽ ላይ ቆረጠብኝ። ሁለት ቀን ታገልኩትና ቀለም በደንብ ወደሚለቅ መካከለኛ ጫፍ አዛወርኩት። ያው ቀለም ሌላ ቀለም መሰለ። ሳሊክስን ሞክረው የጠሉ ሰዎች ካሉ በመጀመሪያ ብዕሩን ይቀይሩለት እላለሁ።

ስካቢዮሳ የዚያው ድርጅት ሐምራዊ ነው። አቧራ የነካው ሐምራዊ አበባ ይመስላል፤ ስሙም ከአበባ የመጣ ነው። መልኩን እወደዋለሁ። ለእርማት ግን ደከመብኝ። ከታተመው ጥቁር ጽሑፍ መሃል ጎልቶ አይወጣም። ለደብዳቤ አስቀመጥኩት።

ሬጅስትራርስ ኢንክ ዋናው ነው። ዳያሚን የሚባለው የእንግሊዙ የሊቨርፑል ቀለም ሠሪ ያዘጋጀዋል። ስሙ እንደሚናገረው የመዝገብ ሹሞች ቀለም ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 የጋብቻ ምዝገባ ወደ ኤሌክትሮኒክ እስኪዞር ድረስ የጋብቻ መዝገብ የሚሞላው በዚህ ዓይነት ቀለም ነበር። ከሞከርኳቸው ሁሉ በጣም የሚጠቁረው እሱ ነው። ጠዋት በሰማያዊ የጻፍኩት ማታ ጥቁር ሊባል ምንም አይቀረው። እንዲቆይልኝ የምፈልገውን ነገር ሁሉ በእሱ እጽፋለሁ፤ ውል፣ ፊርማ፣ የዓመቱ ማስታወሻ ደብተር። አሲዱም ከሳሊክስ ጠንከር ያለ ነው። ስለዚህ ርካሽና ጫፉ በቀላሉ የሚቀየር ብዕር ሰጥቼዋለሁ። የወረስኩትን አሮጌ ብዕር ግን በእሱ ሞልቼው አላውቅም፤ አልሞላውምም።

የጃፓኑ ፕላቲነም ደግሞ ክላሲክ የሚላቸው ስድስት ባለብረት ቀለሞች አሉት። ሁለቱን ገዛሁ። ካሲስ ብላክ ሲጻፍ ቀይ ነው፤ ከዚያ የረጋ ደም እስኪመስል ይጠቁራል። ለእርማት ግሩም ነው። ቀይነቱ ዓይን ይስባል፣ ሲያድር ግን አይጮህም። ሲትረስ ብላክ ሲጻፍ ቢጫ ነው። እርጥቡን ማንበብ ያስቸግራል። ምን እንደጻፍኩ ለማየት መጠበቅ ነበረብኝ። በኋላ ወደ ወይራ አረንጓዴ ይዞራል፤ መልኩ ያምራል። ለሥራ ግን አይሆንም።

የውሃው ነገር እውነት መሆኑን ያወቅሁት ሳልፈልግ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ የውሃ ጠርሙስ አፈሰሰ። ደብተሬ ግማሹ በተራ ሰማያዊ ቀለም፣ ግማሹ በሳሊክስ የተጻፈ ነበር። በተራው ቀለም የጻፍኩት ገጽ ላይ ሰማያዊ ደመና ብቻ ቀረ። የሦስት ሳምንት ማስታወሻ ሄደ። የሳሊክሱ ገጽም ደመና ነበረው። ልቤ ቀጥ አለ። ሲደርቅ ግን ከደመናው ሥር ግራጫው ጽሑፍ አንድ በአንድ ቆሞ ነበር። የታጠበው ማቅለሚያው ነው፤ ብረቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሁሉንም ቃል አነበብኩት። ፀሐይም እንዲሁ ነው። መስኮት ላይ ለወራት የሰቀልኩት ወረቀት ሰማያዊነቱን አጣ፣ ጽሑፉ ግን አለ። ልብ በሉ፣ ይህ ጥንካሬ የሚመጣው ቀለሙ አየር ካገኘና ከቆየ በኋላ ነው። አሁን የተጻፈ እርጥብ መስመር ላይ ውሃ ካፈሰሳችሁ ብዙውን ታጣላችሁ።

ልብስ ላይ ሲሆን ይኸው ጥንካሬ ጠላት ይሆናል። ነጭ ሸሚዜ እጅጌ ላይ ሬጅስትራርስ ጠብ አለብኝ። ሮጬ በረኪና አፈሰስኩበት። ሰማያዊው ወዲያው ጠፋ፤ ደስ አለኝ። ሲደርቅ በቦታው ቡናማ የዝገት ነጠብጣብ ወጣ። በረኪናው የበላው ማቅለሚያውን ብቻ ነው። ብረቱን ጭራሽ ዝገት አድርጎ አሰረው። ያ ሸሚዝ ዛሬም ነጠብጣቡ አለበት። በሌላ ጊዜ ሱሪዬ ላይ ሲፈስ ወዲያው በብዙ ውሃ አጠብኩት፤ ከዚያ የቫይታሚን ሲ ዱቄት በውሃ ለውሼ ቀባሁበት። ለቀቀ። ቫይታሚን ሲ የጠቆረውን ብረት መልሶ ውሃ ወደሚያሟሟው ዓይነት ይለውጠዋል።

ይኸው ዱቄት ለብዕሩም ይሠራል። ስለ እጥበት ትንሽ ልናገር፣ ሰው የሚፈራው እሱን ስለሆነ። ብዕሩ ውስጥ ቀለሙ ከደረቀ፣ ውሃ የማያሟሟው ጥቁር ነገር ጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ ይጋገራል። በኋላ ውሃ ብቻውን አያወጣውም። ደርሶብኛል። አንዱን ብዕር በስካቢዮሳ ሞልቼ ለአምስት ሳምንት ረሳሁት። በውሃ ሦስት ቀን ባጥበው መጻፍ አልቻለም። አንድ ቁንጥጫ ቫይታሚን ሲ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጬ ለአንድ ሰዓት ዘፈዘፍኩት። ውሃው ጠቆረ። ደጋግሜ በንጹህ ውሃ አጠብኩት፤ ብዕሩ እንደ ድሮው ጻፈ። አሞኒያ ያለበትን የብዕር ማጠቢያ ግን ቀለሙ በውሃ ሳይወጣ አታስገቡ። ብረቱ ዝቃጭ ሆኖ እዚያው ይቀመጣል።

ከዚያ ወዲህ ልማዴ ቀላል ነው። ባለብረት ቀለም የሞላሁት ብዕር በየቀኑ ይጽፋል። በየሦስተኛው ሙሌት፣ ካልሆነም በወር አንዴ፣ ጥርት ብሎ እስኪወጣ በውሃ አጥበዋለሁ። ለዕረፍት ስሄድ ባዶውን አስቀምጠዋለሁ። ክዳኑ በደንብ የማይገጥም ብዕር ውስጥ አላስገባውም። አንዱን ባለብረት ቀለም አውጥቼ ሌላ ዓይነት ቀለም ከመሙላቴ በፊትም በደንብ አጥባለሁ፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ዝቃጭ ሊፈጥሩ ይችላሉ።

ጫፍን በተመለከተ፣ ወርቅ አይነካውም። ጥሩ የማይዝግ ብረትም እስካሁን ምንም አልሆነብኝም። ወርቅ የተቀባ ብረት ላይ ግን ቅቡ ከስንጥቁ አካባቢ ሲነሳ አይቻለሁ። ብዕሩ ውድ ባይሆንም ቅር ብሎኛል።

ብልቃጡም ያረጃል። በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል። አየሩ ወረቀት ላይ የሚሠራውን ሥራ ቀስ እያለ እዚያም ይሠራል። ግርጌው ላይ ጥቁር ዝቃጭ ካያችሁ ቀለሙን ብዕር ውስጥ አታስገቡ። እኔ ብልቃጡን የከፈትኩበትን ቀን ታችኛው ክፍል ላይ እጽፋለሁ፤ ስሞላም ክፍቱን ጠረጴዛ ላይ አልተወውም። ትንሹ ብልቃጥ ካለ ትንሹን ግዙ።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ብዕሮች አሉ። ሳሊክስና ካሲስ ብላክ ለእርማት፣ ሬጅስትራርስ ለሚቀመጥ ጽሑፍ። የሳሊክሱ ሁለተኛ ብልቃጥ ሊያልቅ ነው፤ ሦስተኛውን አዝዣለሁ። ሲትረስ ብላክ ካለቀ አልደግመውም።