የዘመዶቻችንን ሐረግ ቆጥራ የልጄን ሕመም ላገኘችልን ባለሙያ

ሜሪላንድና ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ወላጆች፣ በተለይ ልጃችሁ ሽንት ላይ ደም እየታየ ምክንያቱ ያልታወቀላችሁ፣ ይህን አንብቡልኝ። የልጄን ሕመም ምንጭ ያገኘችልን በልጆች ኩላሊት ክፍል የምትሠራ የዘረመል አማካሪ ናት። ጄኔቲክ ካውንስለር ይሏታል። ፈቃዷን ስላልጠየቅሁ ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እናገራለሁ።

ልጄ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ሽንቱ ኮካ ይመስል ነበር። በፊት የምንሄድበት ክሊኒክ "ኢንፌክሽን ነው" እያለ አንቲባዮቲክ ያዝልናል። ካልቸሩ (ሽንት ውስጥ ጀርም መኖሩን የሚያሳየው ምርመራ) ግን ሁሌም ባዶ ነው የሚመጣው።

አማካሪዋ ከደም ምርመራ በፊት የጠየቀችን ስለ ዘመድ ነው። ወረቀት አውጥታ ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቷን በክብ እየሣለች ወደ ላይ ወጣች። ለጋብቻ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ነን፤ ስም መጥራቱ አላቃተኝም። ማን በምን እንደታመመ ግን ማን መዝግቦ ያውቃል? ታላቅ ወንድሜ ገና በወጣትነቱ ኩላሊቱ ደክሞ እንዳረፈ ስነግራት እስክሪብቶዋን አቆመች። አስተርጓሚዋ ጥያቄዋን አደረሰችኝ፦ "ወንድምዎ ጆሯቸው እንዴት ነበር?"

ክው አልኩ። ወንድሜ ደብረ ብርሃን ወፍጮ ቤት ነበረው። ካልጮህክበት አይሰማህም። የወፍጮው ጩኸት ነው ጆሮውን የጎዳው ሲባል ነው የኖረው።

የዘረመል ምርመራው ውጤት አልፖርት ሲንድረም የሚባል በዘር የሚተላለፍ የኩላሊት ሕመም ሆነ። የኩላሊትን ማጣሪያ የሚሠራው ኮላጅን የሚባል የፕሮቲን ዓይነት ጆሮና ዓይን ውስጥም አለ፤ ለዚህ ነው ጆሮ የጠየቀችው። የእኛ ችግር ያለበት ጂን ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። እኔ ሁለት ኤክስ ስላለኝ ደህናው በመጠኑ ይሸፍንልኛል፤ ወንድ ልጅ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው። የእኔም ሽንት ሲመረመር በዓይን የማይታይ ደም ተገኘበት። እናት ናትና ኩላሊቷን ትሰጠዋለች ብሎ ከወዲሁ ማሰብ እንደማይገባም ነገረችን።

ፈውስ የለውም፤ አላታለለችንም። ሐኪሙ ግን ኢናላፕሪል ጀመረለት። የደም ግፊት መድኃኒት ነው፣ የልጄ ግፊት ግን ደህና ነው። የሚሰጠው ፕሮቲን በሽንት እንዳይፈስ ለመቀነስ ነው፤ ቀድሞ ከተጀመረ ዳያሊሲስን በዓመታት ያዘገያል። ጆሮውም በየጊዜው ይለካል። ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል አይቡፕሮፌን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ከቤታችን ወጥቷል።

ሌላም የወደድኩላት ነገር አለ። እዚህ አገር የጥቁር ሰው ኩላሊት ሲታመም ቶሎ የሚነሳው አፖል-ዋን የሚባል ጂን ነው። አደገኛዎቹ ለውጦች የሚበዙት የምዕራብ አፍሪካ ዘር ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኢትዮጵያውያን ላይ አላገኛቸውም። እሷ ይህን ታውቃለች። "አፍሪካዊ" የሚለውን ሳጥን አይታ ብቻ አላለፈችንም፤ ከየት አገር እንደመጣን ጠየቀች።

ሴት ልጄን ከማስመርመራችን በፊት ደግሞ ስለ ኢንሹራንስ አስረዳችን። በ2008 የወጣው የፌዴራል ሕግ የጤና ኢንሹራንስና አሠሪ በዘረመል ውጤት እንዳያገሉ ይከለክላል። የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይነካም። ይህን ሳይጠየቅ የሚነግር ስንት ሰው አለ?

አስተርጓሚያችንም ምስጋና ይገባታል። "ተሸካሚ" (ችግር ያለበትን ጂን የያዘ ሰው) የሚለውን ቃል እኔን ጥፋተኛ በማያስመስል መንገድ ነው ያስረዳችኝ። እንግሊዝኛ እችላለሁ ብላችሁ እንኳ አስተርጓሚ ጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ ሪፈራል ከልጁ ሐኪም ይጻፋል። ምርመራውን ኢንሹራንሳችሁ ይሸፍን እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ከቀጠሮው በፊት ደግሞ አገር ቤት ደውሉና እናቶችን፣ አክስቶችን አነጋግሩ፦ ዳያሊሲስ ላይ የነበረ፣ በልጅነቱ ሰውነቱ ያብጥ የነበረ፣ ሳያረጅ ጆሮው የደከመ ማን አለ? እኔ እናቴን ስደውልላት ስለ አንድ አጎቷም ነገረችኝ። እሱም አሁን ወረቀቱ ላይ ገብቷል።