ቴሌስኮፕ በቀን ብርሃን አይታችሁ ገንዘብ እንዳትከፍሉ

ጎንደርና አካባቢዋ ያላችሁ፣ በተለይ ለትምህርት ቤት ወይም ለልጆቻችሁ ቴሌስኮፕ ለመግዛት ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ይህን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትከፍሉ። ቱቦው አጭርና ወፍራም የሆነ፣ ጎኑ ላይ «114/1000» ተብሎ (የመስታወቱ ስፋትና የትኩረት ርዝመቱ በሚሊ ሜትር ማለት ነው) የተጻፈበት፣ ካርቶኑ ላይ «675 ጊዜ ያቀርባል» የሚል ማስታወቂያና ያማረ የሰማይ ፎቶ የተለጠፈበት ቴሌስኮፕ በቴሌግራም እየተሸጠ ነው። እኛ 46 ሺህ ብር ከፍለንበታል። ኮከብን ኮከብ አድርጎ አያሳይም።

«እኛ» ያልኩት ገንዘቡ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ ስትጋረድ ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆና ታየች፤ ጎንደር ላይ ደግሞ እንደ ማጭድ ቀጥና አየናት። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼ ስለ ሰማይ መጠየቃቸውን አላቆሙም። መምህራን ከደመወዛቸው፣ ወላጆችም ካላቸው ላይ እየቀነሱ አዋጡና ግዛልን ብለው ለእኔ ሰጡኝ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ሻጩ አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ ወኪል አለው። ወኪሉ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ አገኘኝና ቱቦውን ወደ ጎሃ ተራራ አዙሮ ዛፎቹን አሳየኝ። ቅርንጫፉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ደስ አለኝ፤ እዚያው ቆሜ በቴሌብር ላክሁ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ዛፍና ግንብ ሰፊ ነገር ስለሆነ መስታወቱ ትንሽ ቢያዛባውም ዓይን አይነቃም። ኮከብ ግን ነጥብ ነው፤ ነጥብ ከተዛባ ወዲያው ያስታውቃል።

በኅዳር፣ ሰማዩ ከክረምቱ ደመና ጠርቶ፣ ካሜራ ገጥመን ወደ ሰባቱ ከዋክብት አነጣጠርን። ፎቶው ላይ የወጣው እያንዳንዱ ኮከብ ባለ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ዙሪያው በጭጋግ የተሸፈነ ነበር። ፎከሱን ወዲህም ወዲያም ብናዞረው ነጥብ መሆን እምቢ አለ። ለሻጩ ደወልሁ።

«መምህር፣ የእናንተ አገር አየር ነው» አለኝ። አየር ኮከብን ማዛባቱ እውነት ነው። ከሞቀ ቤት የወጣ መስታወትም እስኪበርድ ድረስ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያናውጣል፤ የጎንደር ሌሊት ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በማግስቱ መሣሪያውን አንድ ሰዓት ሙሉ ደጅ አቆይተን ሞከርነው። አየር ያዛባው ኮከብ ይንቀጠቀጣል፣ ቅርጹም በየቅጽበቱ ይለዋወጣል። የእኛው ግን በሃያውም ፎቶ ላይ ያው ሦስት ማዕዘን ነው።

ሁለተኛው ምክንያቱ «ምድር ስለምትዞር ነው፤ በሰሜን ኮከብ አላስተካከላችሁትም» የሚል ነበር። ይህም ከእውነት የራቀ አይደለም። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ የሚዞር ይመስላል፤ የቴሌስኮፑ መቆሚያ ይህን ዙረት እንዲከተል ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ መነጣጠር አለበት። ጎንደር ላይ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚርቀው 12 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ስለሆነ ተራራ ወይም የጎረቤት ጣሪያ ይከልለዋል፤ ማስተካከሉ በእርግጥ ያስቸግራል። ግን በምድር መዞር የተበላሸ ፎቶ ላይ ከዋክብቱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይለጠጣሉ፤ ካሜራው በቆየ ቁጥርም ጭረቱ ይረዝማል። እኛ በሩብ ሰከንድም በ10 ሰከንድም አነሳን። የ10 ሰከንዱ ላይ ጭረት ተጨመረ እንጂ ሩብ ሰከንዱም ላይ ሦስት ማዕዘኑና ጭጋጉ እዚያው ናቸው።

ሦስተኛ፣ «ካሜራዎ ነው» አለኝ። ካሜራውን ከቴሌስኮፑ ነቅለን በራሱ ሌንስ ያንኑ ሰማይ አነሳን፤ ከዋክብቱ ጥርት ያሉ ነጥቦች ሆነው ወጡ። መልሰን ገጥመን ካሜራውን ብቻ ሩብ ዙር አዞርነው። ጥፋቱ ከካሜራው ቢሆን ኖሮ የተዛባው ቅርጽ አብሮት በዞረ ነበር፤ አልዞረም፣ ከቱቦው ጋር ቀረ። ከዚያ በኋላ ሻጩ ስልክ ማንሳት አቆመ።

ካቻቢቴ ይዤ የኋላውን ከፈትሁት። ዋናውን መስታወት የያዙት ሦስት መቆንጠጫዎች ከመጠን በላይ ጠብቀው መስታወቱን እያጎበጡት ነበር። ሦስት ማዕዘኑ የመጣው ከዚያ ነው፤ በሦስት ቦታ የተጨመቀ መስታወት ኮከብን ሦስት ማዕዘን ያደርገዋል። ቀጭን ወረቀት በሥራቸው እስኪያልፍ ድረስ አላላኋቸው። የዚያን ሌሊት ሦስት ማዕዘኑ ጠፋ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም ለአንድ ሌሊት ገንዘቡ አልባከነም ብዬ ተኛሁ።

ጭጋጉ ግን አልጠፋም። ብሩህ ኮከብ መሐል ላይ አድርጌ ሆን ብዬ ፎከሱን አበላሸሁት። እንዲህ ሲደረግ ኮከቡ ሰፍቶ፣ መሐሉ ላይ የትንሹ መስታወት (ቱቦው አፍ አካባቢ ሆኖ ብርሃኑን ወደ ጎን የሚመልሰው) ጥላ ያለበት ባለ ቀለበት ክብ ይሆናል። ጥላው መሐል ላይ ካልሆነ መስታወቶቹ አልተስተካከሉም ማለት ነው፤ ይህ በብሎን ይስተካከላል። ቀለበቶቹ ደግሞ ከፎከሱ ወዲህም ወዲያም ተመሳሳይ መሆን አለባቸው። የእኛ ጥላ መሐል ላይ ነው፤ ቀለበቶቹ ግን በአንዱ በኩል ጥርት ብለው በሌላው በኩል የተበጠበጠ ወተት ይመስላሉ። ይህን ብሎን አይፈታውም። የመስታወቱና የሌንሱ አሠራር ችግር ነው።

ሌንሱ የቱ ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔም ዘግይቼ ነው ያገኘሁት። እንዲህ ያለ ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ የትኩረት ርዝመቱ (ብርሃኑ ከዋናው መስታወት ተነሥቶ አንድ ነጥብ ላይ እስኪሰበሰብ ያለው ርቀት) 1000 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቱቦው ራሱ አንድ ሜትር ገደማ ሊሆን ይገባል። የእኛው ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። ልዩነቱን የሚሞላው ፎከስ ማስተካከያው ውስጥ የተደበቀ ትንሽ ሌንስ ነው። ዋናው መስታወት እንደ ኳስ ቁራጭ የተሞረደ ስለሆነ ከጠርዙና ከመሐሉ የሚመጣውን ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ አያገናኝም፤ ያ ሌንስ ያርመዋል ተብሎ ይገጠማል። በጥንቃቄ ከተሠራ ያርማል። በርካሹ ግን ሌንሱና መስታወቱ ስለማይጣጣሙ ብርሃኑ አንድ ቦታ አይሰበሰብም። «675 ጊዜ» የሚለውማ ከንቱ ነው። አንድ ቴሌስኮፕ በጠቃሚ ሁኔታ የሚያቀርበው ቢበዛ የመስታወቱን ስፋት በሚሊ ሜትር እጥፍ ያህል ነው፤ ለ114 ሚሊ ሜትር 228 ጊዜ ገደማ ይሆናል።

ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ቱቦው ከተጻፈው የትኩረት ርዝመት በግማሽ ካጠረ ሌንስ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የፎከስ ማስተካከያውን ቀዳዳ በእጅ ባትሪ እዩት፤ ማስተካከያው ራሱ ታችኛው ጫፍ ላይ ሌንስ ካበራ መልሱን አገኛችሁ። መስታወቱ ፓራቦላ፣ ማለትም እንደ ኳስ ቁራጭ ሳይሆን ብርሃኑን አንድ ነጥብ ላይ እንዲያገናኝ የተሞረደ፣ መሆኑን በጽሑፍ ያሳዩአችሁ። የራሳችሁን ካሜራም ውሰዱ፤ ቴሌስኮፑ ደህና ሆኖም ካሜራ ሲገጠምለት ፎከሱ የማይደርስ ብዙ አለ። ከሁሉ በላይ በሌሊት፣ በኮከብ ላይ ካልሞከራችሁ አትክፈሉ። ሻጩ በሌሊት አልመጣም ካለ ተዉት።

ደህናውን መሣሪያ ደግሞ በስህተት እንዳትጥሉ። በብሩህ ኮከብ ዙሪያ የሚታዩት አራት ጨረሮች ትንሹን መስታወት ከያዙት ቀጫጭን ብረቶች የሚመጡ ናቸው፤ ጉድለት አይደሉም። ፓራቦላ መስታወት ባላቸው አጫጭር ቴሌስኮፖች የፎቶው ዳር ዳር ላይ ያሉ ከዋክብትም ትንሽ ጭራ ያወጣሉ፤ ለዚያ ማረሚያ ሌንስ ለብቻው ይሸጣል። መሐል ላይ ያለ ኮከብ ጭራ ካወጣ ግን መስታወቶቹ እንዲስተካከሉ ጠይቁ።

ገንዘባችን እስካሁን አልተመለሰም። ደረሰኝ አልተቀበልሁም፤ ወኪሉም «እኔ አድራሽ ብቻ ነኝ» ይላል። ያው ዕቃ ትናንት በ49 ሺህ ብር ድጋሚ ተለጥፎ አይቼዋለሁ። ጎንደር ውስጥ ሆናችሁ ለመግዛት የተስማማችሁ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ከዚህ ሥር ጻፉልኝ፤ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከተማሪዎቼ ጋር መጥተን አብረናችሁ እንሞክረዋለን።