ወደ ባሌ የወሰደን የ«2017» ጎማ
ከአዲስ አበባ ራቅ ብላችሁ ለመጓዝ መኪና የምትከራዩ፣ በተለይ እንደ እኔ ከውጭ የምትመጡ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ቁጢጥ ብላችሁ ጎማውን እዩ። እኔ አላየሁም። ላንድክሩዘሩ ታጥቦ፣ ጎማው ቅባት ተቀብቶ እንደ ሠርግ ጫማ ሲያበራ ዓይኔ እዚያው ቀረ።

ነሐሴ 2017 ላይ ልጆቼን ይዤ ወደ ባሌ ወጣሁ። በሻሸመኔ በኩል እስከ ጎባ አስፋልት ስለሆነ ምንም አልተሰማንም። ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ ሲወጣ ግን መንገዱ ጠጠር ነው፤ ከሳነቴ ማዶ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ፣ በክረምት ጭቃ ይጠብቃል። ለዚህ ሁሉ የተሰጠን ለከተማ አስፋልት የተሠራ፣ ጎኑ ስስ፣ ጥርሱም ያለቀ ጎማ ነበር። አራት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ የኋላው ቀኝ ጎማ ጎኑ ተተረተረ። ስኮርታው (ተጠባባቂው ጎማ) ሲወርድ ደግሞ ከሌሎቹ በመጠን ያንሳል። ልጆቼ ቀይ ቀበሮ ሲያዩ እኔ ለክሪኩ መደገፊያ ድንጋይ እለቅም ነበር። ሐረና ቀረ።

ጎባ ያገኘነው ጎሚስታ ሃያ ዓመት የሚሞላው አይመስልም። ጎማውን አገላብጦ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር በአውራ ጣቱ ጠረገው፦ 2317። «የተሠራው 23ኛው ሳምንት፣ 2017 ነው ጋሼ፤ ግን በፈረንጅ» አለኝ። በእኛ 2009 መሆኑ ነው። ስምንት ዓመት! ጎኑ የተቀደደ ጎማ ልጥፍ እንደማይዘልቅለት ነግሮኝ፣ ከውስጥ ደግፎ ከመነዳሪ (አየር የሚይዝ የውስጥ ጎማ) ከተተበትና «ለስኮርታ ብቻ» ብሎ አስጠነቀቀኝ፤ የእሱን አሮጌ ግን ደህና ጎማም አከራየኝ። ለጠጠር ጎኑ ወፍራም የሆነው «ኤቲ» የሚባለው ጎማ፣ ለሐረና ጭቃ ጥርሱ የተራራቀው፣ ጭቃውን እየተፋ የሚሄደው «ኤምቲ» የሚባለው፤ እሱ ደግሞ አስፋልት ላይ ይጮኻል። ይህን ሁሉ እየሠራ አስረዳኝ። ጉርሻ ስጨምርለት መለሰልኝ።

የሚያንገበግበኝ አዲስ አበባ የገጠመኝ ነው። መያዣ ገንዘቤን ከመኪና አከራዩ ድርጅት ለመቀበል ሦስት ቀን ተመላለስኩ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው»፣ «ሒሳብ ክፍል ምሳ ወጥቷል»፣ «ነገ ና»። በአራተኛው ቀን አንድ ወረቀት ሰጡኝ፤ «የ2017 ጎማ፣ 1» ይላል፣ ቁጥሩን በእኛ አቆጣጠር ወስደው የአዲስ ጎማ ሙሉ ዋጋ ቆርጠዋል። የፋብሪካ ቁጥር በእኛ አቆጣጠር እንደማይጻፍ አስረዳሁ፤ ስልኬ ላይ ያነሳሁትንም አሳየሁ። እኔ የምኖርበት ጀርመን ከጥቅምት እስከ ፋሲካ የበረዶ ጎማ ይገጠማል፤ ጥርሱ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ካነሰ ያስቀጣል፤ ይህንንም ተናገርኩ፣ ምን እንደሚረባኝ እንጃ። ኃላፊው ፈገግ አለና፣ «አገርህ ገብተህ በፈረንጅ ትቆጥራለህ እንዴ ወንድሜ?» አለኝ።

ያችን ቃል ከገንዘቡ ይልቅ ይዣት ተመለስኩ።

ሙሉ ዋጋ ከከፈልኩ ጎማው የእኔ ነው ብዬ አስጭኜ ወሰድኩት። አሁን እናቴ ግቢ ጤና አዳም ተተክሎበታል።