ለበዓል የውጭ አገር እጮኛ ይዞ ጅማ ለሚገባ፦ ጉዞው፣ ማረፊያው፣ ምግብ ቤቱና ገበያው ሲመዘኑ

ጅማ እንግዳ መቀበል ታውቅበታለች። የውጭ አገር እጮኛ ወይም የትዳር ጓደኛ ይዞ ለበዓል ወደ ቤተሰቡ የሚመጣ ሰው የሚፈልገው አገልግሎት ግን ተራ ጎብኚ ከሚፈልገው ይለያል። ጎብኚ አልጋና ምግብ ካገኘ ይበቃዋል። እሱ ግን አልጋው ከእናት ቤት ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ሥጋው የክርስቲያን ይሁን የሙስሊም፣ ዕለቱ ጾም ይሁን ፍስክ ሁሉንም ማሰብ አለበት። በዚህ ዓይን ስትታይ ከተማዋ በአንዳንዱ ጎን በጣም የምትመሰገን፣ በአንዳንዱ ጎን ደግሞ ሳይዘጋጅ የመጣን ሰው የምታስቸግር ናት። በቤተሰብና በእንግዳው መሀል የሚፈጠረው አብዛኛው ቅሬታም ከጠባይ ሳይሆን ከቀን፣ ከአልጋና ከሥጋ ይመጣል።

ከሁሉ በፊት የቲኬቱ ቀን። የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16፣ የእኛው ታኅሣሥ 29 ላይ ይውላል፤ በየአራት ዓመቱ ደግሞ የእነሱ 15፣ የእኛው 28 ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይቆያል። ስለዚህ እንግዳው ለራሱ ገና ፈቃድ ወስዶ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቢገባና ጥር 3 ቢመለስ፣ የቆየበት ጊዜ በሙሉ ጾም ነው፤ ዶሮው ሳይታረድ ይሄዳል። እናት ለእንግዳ ሥጋ እንዳትሠራ ጾሙ ይይዛታል፣ ሽሮ እንዳታቀርብ ደግሞ ታፍራለች። የሚሻለው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 አካባቢ ገብቶ እ.ኤ.አ. ከጥር 10 በኋላ መመለስ ነው። የሚችል ጥምቀትን በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 አክብሮ ቢሄድ ደግሞ ሁለት በዓል ያያል። ፋሲካ በ2017 ከምዕራባውያኑ ጋር በአንድ ቀን፣ ሚያዝያ 12፣ ውሎ ነበር፤ በ2018 ግን የእነሱ በሳምንት ቀድሟል። ዓመቱን ሳያዩ በፈረንጅ ካላንደር ብቻ ቲኬት መቁረጥ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። ኢድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣና በጨረቃ ስለሚወሰን፣ ቀኑ የሚቀየር ቲኬት ይሻላል። የመመለሻ በረራ ኢድ ይሆናል በተባለው ቀን ማግስት መያዝ የለበትም።

ከአዲስ አበባ ጅማ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሰባት ስምንት ሰዓት ይወስዳል። በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ እንግዳ መሄጃውን በአውሮፕላን እንመርጣለን፤ ምክንያቱ ምቾት ብቻ አይደለም። ግቢው በር ላይ አክስትና አጎት፣ ጎረቤትና ሕፃናት ተሰብስበው ይጠብቃሉ፤ የእያንዳንዳቸው ሰላምታ ሦስት አራት ጊዜ ጉንጭ መሳም ነው። የጊቤ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ሲያስመልሰው የዋለ ሰው ይህን በደስታ ሊያደርገው አይችልም፤ ፊቱ ሲጠቁር ቤተሰቡ «አልወደደንም» ብሎ ይይዘዋል። የጅማው በረራ ከዓለም አቀፉ ጋር በአንድ ቲኬት ከተቆረጠ የሻንጣው ልክ እስከ ጅማ ይዘልቃል። ለብቻው ከተገዛ ግን የአገር ውስጡ ልክ ያነሰ ስለሆነ ስጦታ የተሞላ ሻንጣ ተጨማሪ ያስከፍላል። የበዓል ሳምንት በረራ ቶሎ ይሞላል። መመለሻውን በቀን በመኪና ማድረግ ጥሩ ነው፤ ወሊሶንና ወልቂጤን፣ የጊቤንም ሸለቆ ያያል። የአውቶቡስ ሰዎች «11 ሰዓት ተገኙ» ሲሉ ንጋት ላይ ማለታቸው ነው፤ የአውሮፕላን ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት ግን የፈረንጅ ነው። እንግዳው ስልኩ ላይ ሁለቱንም ጽፎ ይያዝ።

ማረፊያው ሰፋ ያለ ነገር ይፈልጋል።

ያልተጋቡ ጥንዶች በቤተሰብ ቤት አንድ ክፍል ማደራቸው በጅማ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት የሚያስከፋ ነው፤ አባት ዝም ቢል እንኳ ጎረቤት ያወራል። ቤቱ ሰፊ ከሆነ እንግዳው ከወንድሞች ወይም ከእህቶች ጋር ለብቻ ክፍል ይሰጠዋል፤ ይህ ለብዙዎች ይሠራል። የሚያስቸግረው መታጠቢያው ነው። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ራቅ ብሎ ካለ፣ ውሃውም በፈረቃ ከሆነ፣ የሆድ መረበሽ የያዘው እንግዳ ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስ ሰው ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ የእኛ ምርጫ ቤቱ አጠገብ፣ በእግር በሚደረስበት ርቀት ያለ ፔንሲዮን ነው፤ ለመኝታ ብቻ። ቁርስም ምሳም እራትም ቤት ይበላል።

«ቤት እያለ ሆቴል!» የሚለው ቅያሜ መምጣቱ አይቀርም። የሚበርደው ነገሩን የሚናገረው ሰው ትክክለኛው ሲሆን ነው። እንግዳው አይናገር፤ ልጅየውም በደረሰበት ቀን አያንሳው። ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ታላቅ እህት ወይም አክስት ለእናትየው «እማዬ፣ መንገድ ደክሞታል፣ ሌሊትና ቀኑም ተዛብቶበታል፤ ለመኝታ ብቻ እዚያ ይረፍ፣ ቀን ቀን እርስዎ ጋ ነው የሚውለው» ብትላቸው ይቀበሉታል። የመጨረሻዋን ሌሊት ግን ቤት ማደር ትልቅ ክብር ነው፤ ይህን ሳያደርጉ መሄድ አይመከርም።

የጅማ ፔንሲዮኖች በዋጋቸው ጥሩ ናቸው፤ ንጽሕናቸውም ባብዛኛው አያሳፍርም። ክፍሉን ከመያዝ በፊት ግን ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። ሮቶ አለው ወይ፣ ሞልቶስ ለስንት ቀን ይበቃል? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ለክፍሎቹ ነው ወይስ ለባሩ ብቻ? ሙቅ ውሃው በኤሌክትሪክ ስለሆነ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። አጎበር ይጠየቅ፤ ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ወባ አለባት፣ የጊቤ ሸለቆ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ያለ ነው። የወባ መከላከያ መድኃኒት ከመምጣቱ በፊት ከአገሩ ሐኪም ይወሰዳል። ባር ያለበት ሕንፃ ውስጥ ከባሩ በላይ ያለ ክፍል አይወሰድ። የበዓል ዋዜማ የቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ሌሊቱን ያድራል፣ ንጋት ላይ አዛን ይቀጥላል፤ የጆሮ መድፈኛ የያዘ እንግዳ ብቻ ነው የሚተኛው። ሌላው ድክመት ሠራተኛው ለበዓል ወደ አገሩ መሄዱ ነው። በበዓሉ ጠዋት ወጥ ቤቱ ዝግ፣ እንግዳ መቀበያው ላይም ቁልፍ የሚሰጥ አንድ ልጅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለውጭ ዜጋ የተለየ ዋጋ የሚያስከፍሉ ስላሉ፣ በሐበሻ ስም ተይዞ ፓስፖርት ሲወጣ ጭቅጭቅ እንዳይነሳ ሲያዝ ይነገር። ጥንዶቹ ካልተጋቡ ያም በዚያው ይጠየቅ።

አሁን ወደ ሥጋው። ጅማ ክርስቲያንና ሙስሊም ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። ሥጋ ቤቱ መስቀል ወይም ጨረቃ ይለጥፋል፣ ምግብ ቤቱም «የሙስሊም ምግብ ቤት» ብሎ ይጽፋል። እንግዳው ይህን ካላወቀ በቅን ልቦና ሁለት ኪሎ ሥጋ ገዝቶ ይመጣል፤ ሥጋው ከየት እንደመጣ ሲታወቅ ግን ድስት ውስጥ አይገባም። የገዛው ይከፋዋል፣ የቤቱ እመቤት ትሳቀቃለች። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እንግዳ ሥጋ አይግዛ። ስኳር፣ ቡና፣ ብርቱካን፣ ለሙስሊም ቤት ተምር፤ ከሁለትና ሦስት ኪሎ ያላነሰ ይዞ ቢገባ የትኛውም ቤት ያከብረዋል። ከውጭ የሚመጣው ቸኮሌትም መልኩ ይታይ፤ መሀሉ አልኮል ያለበት ለሙስሊም ቤት አይሆንም። የሚለጠጡት ከረሜላዎች ብዙ ጊዜ ከአሳማ በሚወጣ ጄላቲን ስለሚሠሩ ለሁለቱም ቤት አይሆኑም፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል።

ዶሮ ወጡ ለእንግዳ ያቃጥለዋል። «ትንሽ በርበሬ አድርጊበት» ማለት ወጡን ያበላሻል፤ ማንም ደስ አይለውም። የሚሻለው ከዚያው ድስት አልጫ ማውጣት ነው። ለአንድ ዶሮ ወደ ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ተከትፎ ያለ ዘይት በዝግታ ይበስላል። ውሃው መጥጦ ቁሌቱ ሲለሰልስ፣ በርበሬው ከመግባቱ በፊት፣ ሁለት ጭልፋ ወደ ትንሽ ድስት ይገለበጣል፤ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅቤ ይጨመርበታል። ከ12ቱ ብልት ሁለቱ፣ ከ12ቱ እንቁላል ሁለቱ ወደዚያ ይሄዳሉ። እንግዳው ከአንድ ዶሮ መብላቱን ሁሉም ያያል፤ የተለየ ምግብ ተሠራለት አይባልም። ጾሙ የሚፈታው ከቅዳሴ መልስ ሌሊት ስለሆነ፣ እንግዳው ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ተኝቶ 8 ሰዓት ሌሊት ላይ ቢነሳ ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ ይቀርባል።

ሥጋ ለማይበላ እንግዳ የጾም ወቅት ጥሩ ነው፤ በያይነቱ በየምግብ ቤቱ አለ። ችግሩ የሚመጣው በፍስኩ ነው፤ ሽሮውም ጎመኑም ቅቤ ይገባበታል። «ያለ ቅቤ» ብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል፣ ያም ለበዓል ቀን ከአንድ ቀን በፊት ቢነገር ይሻላል። ክትፎ ቤት ለሚገቡ ደግሞ «የበሰለ» ብለው ይዘዙ፤ ለብ ለብ የኮሶ ትልን አይገድልም። በጉርሻ በኩል «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ስለሚባል፣ የመጀመሪያውን ተቀብሎ ሁለተኛውን የሚመልስ እንግዳ ሳያውቅ ያስቀይማል። ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ አድርጎ መቀበል፣ ከዚያም አንዷን መልሶ ለእናትየው ማጉረስ ቤቱን በሙሉ ያስደስታል።

የጅማን ቡና ለማመስገን ቃል አይበቃም። እዚህ ከሚገኙት ነገሮች ሁሉ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የምንመክረው እሱን ነው። ሦስቱ ዙር፣ አቦል፣ ቶናና በረካ፣ ከመቁላቱ ጀምሮ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል፤ ከአቦል በኋላ ስልክ አንስቶ መነሳት ያስቀይማል። የእጣን ጭስ የሚያስነጥሰው በሩ አጠገብ ይቀመጥ። ቀጠሮ ያለበት ሰው ቡናው ሳይቆላ ይናገር፤ ያኔ ማንም አይከፋም።

በበዓሉ ማግስት ጅሬን የሚገኘውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ማየት ጥሩ ነው፤ ከመሀል ከተማ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር የኖሩበት ይህ ቤተ መንግሥት በእንጨት ሥራው ለእንግዳ ብዙ የሚያሳይ ነው። ባጃጅ ኮንትራት ከአገሬው ሰው ጋር ሆኖ፣ የመጠበቂያውም ዋጋ ተጨምሮ አስቀድሞ ይስማሙ፤ ፈረንጅ ቆሞ የሚነጋገር ከሆነ ዋጋው ይጨምራል። ግቢው ውስጥ መስጊድ ስላለ ሴቶች ሻርፕ ይያዙ። በበዓሉ ዕለት ዝግ ሊሆን ስለሚችል ከመሄድ በፊት ይደወል።

ለመመለሻ የሚገዛው ነገር ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማና ማር ነው። በርጩማው ከአንድ ግንድ የተጠረበ መሆኑን ገልብጦ እግሩ ሥር ማየት ይበቃል፤ የተጣበቀ ከሆነ መጋጠሚያው ይታያል። እርጥብ እንጨት ደረቅ አገር ሲደርስ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከበድ የሚለውን ትተው ቀለል ያለውን ይምረጡ። ማር በእጅ ሻንጣ አይያዝም፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ይወሰድባቸዋል፤ በሁለት ፌስታል ታስሮ በልብስ መሀል ወደ ትልቁ ሻንጣ ይግባ። ቅቤና ቋንጣ ግን ወደ አውሮፓ ለሚሄድ አይሰጥ፤ ከውጭ የሚመጣ የሥጋና የወተት ውጤት ድንበር ላይ ይወረሳል። ጫትም እንዲሁ፦ በእንግሊዝ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው፣ አሜሪካም ይከለክላል። ጎረቤት «ለመንገድ» ብሎ ቢያስይዘው እንኳ አመስግኖ ቤት ትቶት መሄድ ነው።