ባስ ቦት ወይስ ፍላትስ ቦት? ሂውስተን ሆኖ ጀልባ ለሚገዛ

ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ሰው ደወለልኝ። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ጀልባ ልገዛ ነው፣ የትኛው ይሻለኛል?» ስልኩ እንደተዘጋ ፎቶ ይመጣል። ፎቶውም ያው ነው። የሚያብረቀርቅ ቀይ ባስ ቦት (የሐይቅ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ)፣ ከኋላው ትልቅ ሞተር፣ ዋጋው ደግሞ ከጠበቁት በታች። ከስድስት ዓመት በፊት የእኔንም ልብ የወሰደው እንዲህ ያለ ጀልባ ነበር። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ ልላክለት።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ሂውስተንና ዙሪያዋ የምትኖሩ ከሆነ፣ ባሕሩ ዳር ያለችው ጋልቨስተንም በአንድ ሰዓት ገደማ የምትደርሱ ከሆነ፣ ፍላትስ ቦት፣ ማለትም ጥልቀት ለሌለው ጨው ውሃ የተሠራውን ጀልባ ግዙ። ምክንያቴ ጨው ነው። ለጨው ውሃ የተሠራ ጀልባ ሐይቅ ቢገባ ምንም አይሆንም። ለሐይቅ የተሠራ ጀልባ ግን ባሕር ውሎ እንደገባ አይወጣም። በሽታው የዚያኑ ቀን አይታይም። ከስድስት ወር በኋላ ነው የሚወጣው።

ባስ ቦት የሐይቅ ልጅ ነው። የመጀመሪያው የሚባለው «ስኪተር» እ.ኤ.አ. በ1948 ሽሪቭፖርት፣ ሉዊዚያና ውስጥ ተሠራ። የታሰበውም ባስ ለሚባለው ዓሣ ነው። ፍላትስ ቦት ደግሞ የመጣው ከፍሎሪዳ ደሴቶች ነው። ጉልበት በማይደርስ ጨው ውሃ ላይ ሞተር አጥፍቶ፣ በረጅም ዘንግ እየገፉ፣ ዓሣውን በዓይን እያዩ ለማጥመድ የተሠራ ጀልባ ነው። ርዝመቱንና ወርዱን ማስታወቂያው ላይ ታገኙታላችሁ። እኔ የምነግራችሁ ማስታወቂያው የማይነግራችሁን ነው።

መጀመሪያ የእኔን ሒሳብ እዩት። ባስ ቦቱን በ13,500 ዶላር ገዛሁ። 18 ጫማ፣ ባለ 150 ፈረስ ጉልበት ሞተር። ለሁለት ወር ሌክ ኮንሮ የሚባለው ሐይቅ ላይ ተጠቀምኩበት፤ እውነት ለመናገር ደስ ይል ነበር። ከዚያ ጓደኞቼ ጋልቨስተን ሬድፊሽ የሚባለው የባሕር ዓሣ ገብቷል አሉኝና ይዤው ወረድኩ። በየሁለት ሳምንቱ መውረድ ጀመርኩ። ከባሕር በወጣሁ ቁጥር በደንብ አጥበዋለሁ። ማጠቡ ይበቃዋል ብዬ ነበር።

አልበቃውም። አንድ ቀን ከጋልቨስተን ስመለስ I-45 አውራ ጎዳና ላይ ከኋላ «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጀልባው የሚጫንበት ተጎታች ባሌስትራው ለሁለት ተሰብሮ ጎማው ከጭቃ መከላከያው ጋር ተጣብቋል። ዳር ይዤ ወርጄ አየሁት። ባሌስትራውን የያዘውን ቡሎን በጣቴ ስነካው እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። የተጎታቹ ቀለም ላዩ ላይ ያበራል። ውስጡ ግን ባዶ ቱቦ ነው። ጨው ውሃ በቀዳዳው ገብቶ ከውስጥ ወደ ውጭ በልቶታል። ብዙ የባስ ቦት ተጎታች እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ቀለም የተቀባ ብረት። ሐይቅ ለሐይቅ ለሚዞር ሰው ይበቃዋል። ለባሕር ግን ወይ አሉሚኒየም ወይ ዚንክ የተነከረ ብረት መሆን አለበት።

ከዚያ ሁሉም ተከታተለ። አዲስ ተጎታች 2,900 ዶላር። ከፊት የሚገጠመው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር ቆመና አዲስ 1,150። መብራቱና ፓምፑ ተራ በተራ ሲጠፉ ሽቦውን አስፈታሁ። መካኒኩ አንዱን ሽቦ ልጦ አሳየኝ፤ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ለሽቦ 780። የዓሣ ማቆያው ገንዳ ፓምፕ 95። ያን ቀን ከመንገድ ላነሳኝ መኪና 240። ድምሩ 5,165 ነው። በሁለተኛው ዓመት ጀልባውን በ9,000 ሸጥኩት። ታክሱን፣ ቤንዚኑን፣ ኢንሹራንሱን ሳልጨምር በሁለት ዓመት 9,665 ዶላር ሄደ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

አሁን የያዝኩት 17 ጫማ ፍላትስ ቦት ነው። ያገለገለ ነው የገዛሁት፤ ባለ 70 ፈረስ ጉልበት ፎር ስትሮክ ሞተር፣ ከአሉሚኒየም ተጎታች ጋር፣ በ16,800። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያፈገፍገው። «ሞተሩ ትንሽ፣ ጀልባው ትንሽ፣ ዋጋው ይበልጣል?» ይለኛል። አዎ፣ ይበልጣል። ግን በአራት ዓመት ውስጥ ለጥገና ያወጣሁት 1,340 ዶላር ነው። በዚህ ውስጥ ሁለት ባትሪ፣ የተጎታቹ ኩሽኔታ፣ የየዓመቱ የሞተር ዘይትና የውሃ ፓምፕ ላስቲክ አለ። ማጠፊያው፣ ቡሎኑ፣ መያዣው ሁሉ የማይዝግ ብረት ነው። ወለሉ ላይ ምንጣፍ የለም። ይህን ቀላል ነገር አታድርጉት። የባስ ቦት ምንጣፍ ጨው ውሃ ይመጥጣል፣ ይይዛል፣ ሥሩ ያለውን ቡሎን በሙሉ ቀስ እያለ ይጨርሰዋል።

የቤንዚኑን ነገርም ላንሳ። የጀልባ መካኒኮች የሚጠቀሙበት ግምት አለ። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሄድ በሰዓት የሚበላው ጋሎን የፈረስ ጉልበቱ አንድ አሥረኛ አካባቢ ነው። ስለዚህ 150 ያለው ወደ 15 ጋሎን፣ 250 ያለው ወደ 25 ጋሎን፣ የእኔ 70 ደግሞ ወደ 7 ጋሎን። ቀኑን ሙሉ በሙሉ ኃይል የሚነዳ የለም፣ ልክ ነው። ልዩነቱ ግን በየሳምንቱ ከኪሳችሁ ይወጣል።

ከገንዘቡ ሌላ ውሃው ራሱ አለ። ጋልቨስተን ቤይ የሚባለውን የባሕር ወሽመጥ ስፋቱን አይታችሁ ጥልቅ እንዳይመስላችሁ። አማካይ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ሬድፊሽ የሚበላበት ዳር ደግሞ ከዚያም በጣም ያነሰ ነው። የእኔ ጀልባ አንድ ስንዝር ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ሞተሩን አጥፍቼ በዘንግ እየገፋሁ ስገባ፣ ዓሣው ጭንቅላቱን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ ጅራቱን ከውሃ በላይ ሲያውለበልብ አየዋለሁ። ጅራቱ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ ሳትቀር ትታያለች። በባስ ቦቱ እዚያ ልደርስ አልችልም ነበር። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜም የኦይስተር (የባሕር ቅርፊት) ክምር ላይ ወጥቻለሁ። ደግሞ ሕግም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ቴክሳስ ውስጥ የባሕር ሣርን በፕሮፔለር መንቀል ያስቀጣል። ክሪስማስ ቤይ ያለው ሣር ላይ ከባድ ጀልባ ይዞ መግባት አይመከርም።

ባስ ቦትን ግን አልኮንነውም። ቦታው ላይ ከሆነ የሚደርስበት የለም። ዳላስ ያላችሁ ልጆች የእኔን ምክር ተዉት። ባሕሩ ከእናንተ አራትና አምስት ሰዓት ይርቃል። ሌክ ፎርክ አጠገባችሁ ነው፤ የቴክሳስ ትልቁ ባስ፣ 18.18 ፓውንድ የሚመዝነው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ከዚያ ነው። ሳም ሬበርንን የመሰለ ሰፊ ሐይቅ ላይ ከጫፍ ጫፍ በጠዋት ለመድረስ ፍጥነት ያስፈልጋል። የባስ ቦት ወለል ሰፊ ነው፣ የዓሣ ማቆያ ገንዳውም ትልቅ ነው። ሐይቅ ላይ ብቻ ለሚያጠምድ ሰው እሱን ነው የምለው። በጀታችሁ ጠበብ ካለ ከፋይበር ግላሱ ይልቅ ያገለገለ የአሉሚኒየም ባስ ቦት እዩ፤ ከ60 እስከ 115 ፈረስ ጉልበት ያለው። ቀለሙ ያን ያህል አያብረቀርቅም። ግን ቀላል ነው፣ ዋጋውም ቤት አያፈርስም።

ፍላትስ ቦትም ጉድለት አለበት። ጎኑ ዝቅተኛ ነው። ከሰዓት በኋላ ከደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ሲነሳ ትረጥባላችሁ። ትልልቅ መርከቦች የሚያልፉበት መስመር አጠገብ ማዕበላቸውን ሳያዩ መቆም አይገባም። ሚስትና ሦስት ልጅ ይዞ ለመዝናናት ከሆነ ይጠባል፤ እንደዚያ ከሆነ ጎኑ ከፍ ያለውን ቤይ ቦት የሚሉትን ጠይቁ። ዋጋው ግን ወዲያው ይዘላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ያገለገለ ስትገዙ የምታዩት።

ሞተሩ የተንጠለጠለበትን የኋላ ግድግዳ መጀመሪያ እዩ። በዱሮዎቹ ጀልባዎች ውስጥ ፋይበር ግላሱ መሐል እንጨት አለ። ውሃ በቡሎን ቀዳዳ ከገባ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ውጭው ግን ደህና ይመስላል። በፕላስቲክ መዶሻ ወይም በሳንቲም አንኳኩት። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው የታፈነ። ልጅ ሆኜ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ጀልባ ሊገዙ የመጡ ሰዎች እንጨቱን በጣታቸው ሲያንኳኩ አይ ነበር። ያን ጊዜ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ካንኳኳችሁ በኋላ ሞተሩን ከፍ አድርጉና በክብደታችሁ ተጫኑት። ግድግዳው ከተነቃነቀ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ማሠራቱ ጀልባውን ሊያክል ይችላል።

ቀጥሎ ቁጥሩ። ከኋላ በቀኝ በኩል፣ ከላይ፣ 12 ፊደልና ቁጥር ተቀርጿል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የሞዴሉ ዓመት ናቸው። አንድ ሻጭ «የ2012 ነው» ብሎኝ 08 የሚል አይቼበታለሁ። አራት ዓመት ማለት በዋጋ ብዙ ነው።

ሊብሬውን በተመለከተ፣ ቴክሳስ ውስጥ ጀልባውና ሞተሩ የየራሳቸው ሊብሬ አላቸው። ሁለቱንም ሳታዩ ቀብድ አትስጡ። አንድ ወዳጄ የጀልባውን ብቻ ተቀብሎ ሞተሩን በስሙ ለማዞር ስምንት ወር ተንከራቷል። ለታክስም 6.25 በመቶ ያዙ። በእኔ ጀልባ ላይ 1,050 ዶላር መጣ፤ ብዙ ሰው ይህን ረስቶ ነው የሚደራደረው።

ፎርጅድ ዕቃም አለ፤ በዚህ ላይ አምርሬ ነው የምናገረው። የውሃ ፓምፑ ላስቲክ ኦርጂናሉ 55 ዶላር ነበር። ኢንተርኔት ላይ በ19 አገኘሁት፤ ካርቶኑም፣ ጽሑፉም ያው ነው። ገጠምኩት። በሦስተኛው ጉዞ ሞተሩ በጎኑ የሚተፋው ቀጭን ውሃ እየሳሳ ሄደ፣ ከዚያ ማንቂያው ጮኸ። ወዲያው አጠፋሁት። ሲፈታ የላስቲኩ አንድ ክንፍ ተቆርጦ የውሃውን መንገድ ዘግቶታል። ጎን ለጎን ሳያቸው ነው ልዩነቱ የገባኝ። ኦርጂናሉ ሲታጠፍ ይመለሳል፣ ፎርጅዱ እንደታጠፈ ይቀራል። ትንሽ ብዘገይ ሞተሩ ይነድ ነበር። ካንዴላም በፎርጅድ ይመጣል፤ ከታወቀ መደብር ውጭ አትግዙ።

ሌላም አይቻለሁ። ለጨው ውሃ የሚሠራው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር ብዙውን ጊዜ ነጭ ነው፣ የሐይቁ ጥቁር። አንዱ ሻጭ ጥቁሩን በስፕሬይ ነጭ ቀብቶ አቀረበልኝ። ከሥሩ በጥፍሬ ስፍቀው ጥቁሩ ወጣ። እዚያው ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ፎቶ ከላኩልኝ አንዱን ይዤ ቀዩን ባስ ቦት ለማየት ኬቲ የምትባል ከተማ ሄድን። 12,000 ነበር የተጠየቀው። ተጎታቹን ከሥር በባትሪ መብራት አየሁት። ቀለሙ አዲስ ነው፣ ከቀለሙ ሥር ግን ዝገቱ እንደ ኩፍኝ አብጧል። የሞተሩን የታችኛውን ዘይት ትንሽ ስናወጣ ወተት መሰለ፤ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ሻጩ ዋጋውን ወደ 9,000 አወረደው። ጓደኛዬ ዓይኑ ጀልባው ላይ ቀርቶ ነበር፣ ግን እሺ ብሎኝ ወጣን።

አሁን ሌላ አግኝቷል። 17 ጫማ ፍላትስ ቦት፣ ባለ 60፣ አሉሚኒየም ተጎታች፣ 14,200 ይላል። ቅዳሜ ጠዋት እናየዋለን። ለሻጩ አንድ ነገር ብቻ እንዲነግረው አስጠንቅቄዋለሁ፤ እኛ ሳንደርስ ሞተሩን አስነስቶ እንዳያሞቀው። ሞተሩ እንደቀዘቀዘ እንዴት እንደሚነሳ መስማት እፈልጋለሁ።