የአሜሪካ ስልኬን ሂሳብ ደሴ ሆኜ ስከፍል ያየሁት አበሳ

ከደሴ ወደ ቨርጂኒያ ከተመለስኩ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። አገር ቤት ለመሄድ ቲኬት የቆረጣችሁ ካላችሁ ይቺን ሳታነቡ አትሂዱ። በተለይ ስልካችሁ በየወሩ ሂሳብ የሚመጣበት ከሆነና የልጆቻችሁም መስመር በእናንተ ስም ከሆነ።

የሄድኩት ለግሸን ነው። መስከረም 21ን ከእናቴ ጋር ማክበር የዓመታት ምኞቴ ነበር። አውሮፕላኑ ኮምቦልቻ አወረደን። ከዚያ ሐረጎን እየተጠማዘዝን ስንወጣ፣ የታቹ ሙቀት ቀርቶ የደሴ ብርድ በመስኮት ሲገባ፣ አደዩም መንገድ ዳር ፈክቶ ሳየው ሆዴ ባባ። ኮንትራት የያዝኩት ታክሲ ሻንጣዬን አይቶ የሰው እጥፍ ነው ያስከፈለኝ። እህቴ ስትሰማ ተናደደች። እኔ ግን ያን ቀን ምንም አልመሰለኝም።

ነገሩ የመጣው በአራተኛው ቀን ነው። ሆጤ እናቴ ቤት የከሰዓት ቡና ተፈልቶ ቶናው እየተቀዳ ነበር። ልጄ ሌላ ስቴት ነው የምትማረው። በትምህርት ቤቷ ዋይፋይ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። «እማ፣ ስልኬ ተቆረጠ። ያንቺ ይሰራል?» ስልኬ ሁለት ሲም ነው የሚይዘው፤ የአገር ቤቱ ይሰራል። የአሜሪካውን ሳየው እሱም ጭጭ ብሏል።

ስልክ ተቆረጠ የሚለው ቃል ለደሴ ልጅ ቀላል ቃል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ፣ ከተማዋ ተይዛ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ የእናቴን ድምፅ ሳልሰማ የቆየሁባቸው ሳምንታት ነበሩ። ቀን ቀን እሰራለሁ፣ ሌሊት ሌሊት እደውላለሁ፣ አይጠራም። አሁን ደግሞ እኔ እናቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ የልጄ ስልክ ተቆረጠ። በቴሌግራም ልታገኘኝ እንደምትችል አውቃለሁ። ግን ማታ ከላይብረሪ ስትወጣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን በምን ትደውላለች? የቡናው ስኒ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሌባ የካርዴን ቁጥር ወስዶ ዕቃ ስለገዛበት ባንኩ አዲስ ካርድ ሰጥቶኝ ነበር። የስልኩ ሂሳብ ግን በየወሩ በራሱ የሚቆረጠው ከድሮው ካርድ ነው። እሱን መቀየር በጉዞ ግርግር ረሳሁት። ጥፋቱ እስከዚህ ድረስ የእኔ ነው። 143 ዶላር ነበር ያለብኝ፣ ብሩም አለኝ፣ መክፈልም እፈልጋለሁ። እስቲ ልክፈል ብዬ ስነሳ ግን የሚቀበለኝ ጠፋ።

መተግበሪያውን ከፈትኩት። «ኮድ ወደ ስልክዎ ልከናል» ይላል። የትኛው ስልኬ? የቆረጣችሁት ስልኬ? በድረ ገጹ ሞከርኩ፣ ያው ኮድ። የይለፍ ቃል ልቀይር አልኩ፣ አሁንም ያው ኮድ። ልጄ ትሞክር ብል እሷንም የሚጠይቃት ወደ እኔ ስልክ የሚላከውን ነው። የቀረው በስልክ ደውሎ መክፈል ነበር። በ800 የሚጀምረው ነፃ ቁጥራቸው ከኢትዮጵያ መስመር አልሄድ አለኝ። ከውጭ አገር የሚደወልበትን ሌላ ቁጥር ፈልጌ አገኘሁና በአገር ቤቱ ሲም ደወልኩ። 300 ብር ካርድ ነበረበት።

መጀመሪያ ማሽን ነው የሚያነሳው። ለዚህ 1ን ይጫኑ፣ ለዚያ 2ን ይጫኑ። ከዚያ ሙዚቃ። ከዚያ የካርድ ቁጥርዎን ያስገቡ አለኝ። 16ቱን ቁጥር ቀስ ብዬ ተጫንኩ። መስመሩ ይዘገያል መሰለኝ አልተሟላም አለኝ። እንደገና ተጫንኩ፣ አልተሟላም። በሦስተኛው ወደ ሠራተኛ አስተላልፍዎታለሁ አለና ሙዚቃውን ለቀቀው። ያ ሙዚቃ እየዘፈነ ካርዴ አለቀ።

ከታች ያለው የሱቅ ልጅ በቴሌብር 500 ብር ካርድ ሞላልኝ። ደግሜ ደወልኩ። ከብዙ ሙዚቃ በኋላ አንዲት ሴት አነሳች። ትሁት ነች፣ እሷን አልወቅስም። ግን የምትለው ሁሉ ከፊቷ ያለው ስክሪን የሚላትን ነው። የሂሳብሽን ሚስጥር ቁጥር ንገሪኝ አለችኝ። ከስምንት ዓመት በፊት ያወጣሁት ቁጥር ነው፣ ከየት ላምጣው? እንግዲያው ኮድ እልክልሻለሁ አለች። ስልኩ ተቆርጧል አልኳት። በሂሳቡ ላይ ወዳለው ሌላ መስመር ልላክ አለች። እሱም ተቆርጧል፣ የልጄ ነው፣ የደወልኩትም ለዚሁ ነው አልኳት። እንግዲያው መታወቂያሽን ይዘሽ በአቅራቢያሽ ወዳለ ሱቃችን ሂጂ አለችኝ። ደሴ ነኝ አልኳት። ደሴ የት ነው አለችኝ። ኢትዮጵያ። ዝም አለች። ከዚያ ሂሳቡ ውስጥ ሳትገቢ መክፈል ብቻ ትችያለሽ፣ በሰው በኩል ስለሆነ ግን 8 ዶላር አገልግሎት ይጨመራል አለችኝ። ይሄን ከመጀመሪያው ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ጨምሪ አልኳትና ቁጥሩን ማንበብ ጀመርኩ። አስራ አንደኛው ቁጥር ላይ ስደርስ መስመሩ ቀጥ አለ። 500 ብሩ አልቋል።

አለቀስኩ። እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች «አብሽሪ ልጄ፣ ነገም ቀን ነው» አለችኝ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ያየሁት ነገር አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ ናት ያለቻት፣ የ7 ቁጥሯ ከመነካት ብዛት ተልጦ ነጭ ሆኗል። ለእኔ ብላ ያስገባችው የቤቱ ዋይፋይ ክፍያው ደርሶ ነበር። መነጽሯን አጠለቀች። *127# ብላ ደወለች። ዝርዝሩ በአማርኛ መጣላት፣ አንዱን ቁጥር መረጠች፣ ሌላውን መረጠች፣ ስልኳን ወደ ደረቷ አስጠግታ ሚስጥር ቁጥሯን ጫነች። ወዲያው መልእክት ገባ። ከፈለች። ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልገውም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር እኔ እዚህ ነበርኩ፣ ስሙን እንጂ ነገሩን አላውቀውም። የጎረቤት ልጅ አስተምሯት ነው እንጂ እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። የመብራቱንም አሁን ሰው በስልኩ ነው የሚከፍለው አለችኝ። ድሮ የቴሌና የመብራት ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን ቆሜ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ይሄን ሳይ በአገሬ ኮራሁ፣ በራሴ ጉዳይ ደግሞ ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ።

በማግስቱ ፒያሳ ወጣሁ። የግሸን እንግዳ ከተማውን ሞልቶታል፣ ባጃጅ እንኳ በግድ ነው የሚገኘው። ስልክ የምትጠግን አንዲት ልጅ አለች፣ ሱቋ ከአንድ አልጋ አይሰፋም። የመጣሁት ካርድ ልሞላ ነበር። 1,000 ብር ሙይልኝ ስላት ደንግጣ «ለምንዎ ነው እትዬ?» አለችኝ። ነገርኳት። ሰማችኝና «አብሽሩ፣ ግቡ ወደ ውስጥ» አለችኝ። ካርዱን አልሞላችልኝም። ልትሸጥልኝ የምትችለውን 1,000 ብር ካርድ ማለት ነው።

ላፕቶፕ አላት። በኢንተርኔት የሚደወልበት ፕሮግራም ከፈተችና ያንኑ 800 ብሎ የሚጀምረውን ነፃ ቁጥር አስገባችበት። በዚህ በኩል ያለምንም ሂሳብ ይጠራል። ሌሎችም ከውጭ የመጡ ሰዎች እንዲህ አድርጋላቸዋለች። የአሜሪካው ቢሮ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው የሚከፈተው፣ ማሽኑ ግን ሌሊትም ቀንም ይሠራል፣ ሰው ለምን ይጠብቃሉ አለችኝ። የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠችኝ። ቁጥሮቹን በስክሪኑ ላይ እንዴት እንደምጫን አሳየችኝ። ከዚያ ደንበኞቿን አስወጣች። እሷም ተነሳች። ወዴት ነሽ ስላት «የካርድዎን ቁጥር እኔም ማየት የለብኝም፣ ሲጨርሱ በሩን አንኳኩ» ብላ ወጥታ በሩን ዘጋችው። በረንዳው ላይ ብርዱ ውስጥ ቆማ ጠበቀችኝ። በመስታወቱ ጀርባዋ ይታየኛል።

አሜሪካ ስኖር ስንት ባንክ፣ ስንት ቢሮ ገብቼ ወጥቻለሁ። ለእኔ ቁጥር እንዲህ የተጠነቀቀ ሰው አላጋጠመኝም።

ማሽኑ ሂሳብ መክፈል ብቻ የሚለውን ስመርጥ የስልክ ቁጥሬንና የቤቴን ዚፕ ኮድ ብቻ ነው የጠየቀኝ። ሚስጥር ቁጥር የለ፣ ኮድ የለ። የካርዱን 16 ቁጥር፣ የሚያበቃበትን ወርና ዓመት፣ ከጀርባው ያሉትን ሦስት ቁጥሮች አስገባሁ። አንዱም አልጠፋ። በ11 ደቂቃ አለቀ። የ8 ዶላሩም ነገር ቀረ፣ እሱ በሰው ሲከፈል ነው። የማረጋገጫ ቁጥሩን ወረቀት ሳጣ ከጠረጴዛው ላይ ባገኘሁት የጆሮ ማዳመጫ ካርቶን ጀርባ ጻፍኩት። በሩን አንኳኳሁ። «አለቀ?» አለችኝ። አለቀ።

ስንት ልክፈል ስላት 50 ብር አለችኝ። 500 ብሰጣት 450ውን መለሰችልኝ። እምቢ ብዬ ልሄድ ስል ቅር አላት፣ ስለዚህ ለእህቴ ቻርጀር፣ ለእናቴ ስልክ ደግሞ ቀይ ሽፋን ገዛሁ። ቻርጀሩ እስካሁን ይሠራል ብላኛለች እህቴ። እንዲህ ያለ ጣጣ ደሴ የገጠማችሁ እንደሆነ ፒያሳ ያሉት የስልክ ሱቆች ከብዙ ቢሮ ይሻላሉ። ግን የካርዳችሁን ቁጥር ሰው ፊት ጮክ ብላችሁ አታንብቡ። እንደኔ በር የሚዘጋላችሁ ካልገጠመ ቤታችሁ ገብታችሁ አድርጉት።

ልጄ የዚያን ዕለት ማታ ደወለች። በራሷ ቁጥር። «አያቴን አቅርቢልኝ» አለች። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ መረቀቻት፣ እኔ ደግሞ እዛው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፣ እግሬ አልቆም አለኝ።

ከመሄዳችሁ በፊት በየወሩ የሚቆረጠው ክፍያ በየትኛው ካርድ ላይ እንደሆነ እዩት። ኮዱ በኢሜይልም እንዲመጣ አድርጉ፣ ይሄ ከሁሉ ይበልጣል፤ የተቆረጠ ስልክ ኮድ አይቀበልም። የሂሳቡን ሚስጥር ቁጥር ከአሁኑ ደውላችሁ አዲስ አውጡና ለልጆቻችሁም ንገሯቸው። ከውጭ አገር የሚደወልበትን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ስልክ ውስጥ ብቻ አይሁን።

አሁን የቀረኝ የመቀጠያ ተብሎ የተቆረጠብኝ 40 ዶላር ነው። ለሁለት መስመር 20፣ 20። ልከፍል ስደውል፣ ስለምን፣ የማይቀበለኝ እነሱ ሆነው ሳለ ለምን እቀጣለሁ ብዬ ትናንት ደወልኩ። 37 ደቂቃ ጠበቅኩ። የልጄን መስመር 20 ዶላር መልሰውልኛል፣ የእኔን ግን ኃላፊ ካልፈቀደ አይሆንም ተብያለሁ። ኃላፊው ሰኞ ነው የሚገባው። ሰኞ ጠዋት እደውላለሁ። ካርቶኑ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።