የሰሜን ፔሩ ኦርጋኒክ ቡና፦ ማኅተሙ፣ ዋጋውና ጣዕሙ

ስለ ደቡብ አሜሪካ ቡና ሲነሣ በአብዛኛው የሚጠቀሱት ብራዚልና ኮሎምቢያ ናቸው። ፔሩ በምርት መጠን ከሁለቱም ብታንስም በኦርጋኒክ ቡና ግን ከዓለም ዋና ዋና ላኪዎች አንዷ ናት፤ ቡናዋን የሚያመርቱት ከ200,000 የሚበልጡ ቤተሰቦች ሲሆኑ የአብዛኞቹ ማሳ ከአምስት ሄክታር በታች ነው። እዚህ የምገመግመው ቡና የመጣው ከአገሪቱ ሰሜናዊ ክፍል፣ በካሃማርካ ክልል ከሚገኙት ከሃኤንና ከሳን ኢግናሲዮ አውራጃዎች ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ከሚገኝ ግሮሰሪ በ16 ዶላር የገዛሁት፣ መካከለኛ አቆላል ያለው ባለ 340 ግራም ከረጢት ሲሆን፣ ፊት ለፊቱ ላይ የፌርትሬድ (ፍትሐዊ ንግድ)ና የኦርጋኒክ ማኅተሞች ታትመውበታል። ከዚያው አካባቢ የመጣ ጥሬ ቡናም ለብቻው ገዝቼ ቤት ቆልቻለሁ፤ ሌላ ሰው በቆላው ቡና ብቻ ስለ ጀበና መፍረድ አይቻልምና።

ለገዢ የሚጠቅመው ፍርድ ቢቀድም ይሻላል። ይህ ቡና በማጣሪያ ሲወርድ ለዕለት ተዕለት መጠጥ እጅግ የሚመች ነው፤ በጀበና ሲፈላ ግን አቆላሉ ካልተስተካከለ ቶሎ ይደክማል። ከተራ ቡና በላይ የሚከፈልበት ጭማሪ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህ ያበቃኝ ግን በከረጢቱ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የሰፈረው ዝርዝር እንጂ ከፊት ያለው ማኅተም አይደለም።

በጀርባው የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ስም፣ የሁለቱ አውራጃዎች ስም፣ ከ1,400 እስከ 1,800 ሜትር የሚደርሰው ከፍታ፣ ካቱራ፣ ቡርቦንና ፓቼ የተባሉት ዝርያዎች፣ ቡናው የታጠበ መሆኑና የተለቀመበት ዓመት ተጽፏል። ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በዚያው መደርደሪያ ላይ ያንኑ ማኅተም ይዘው «የደቡብ አሜሪካ ቅልቅል» ከማለት በቀር አንዳች የማይናገሩ ቡናዎች ነበሩ። ማን እንዳመረተው ካልተነገረ፣ ፍትሐዊ ንግድ የሚለው ቃል ለገዢው የኅሊና ዕረፍት ከመስጠት ብዙም አያልፍም። የማኅበሩ ስም ሲጻፍ ግን ሌላው ቢቀር ፈልጎ ማግኘት፣ የት እንዳለና ስንት አባላት እንዳሉት ማጣራት ይቻላል። በሃኤን ከሚታወቁት ማኅበራት አንዱ የሆነው ሴንፍሮካፌ፣ ለምሳሌ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተ ነው፤ የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንም የተቋቋመው በዚያው ዓመት መሆኑን ሳስብ፣ በሁለቱም በኩል የቡና ዋጋ ወድቆ ከነበረበት ዘመን የተረፉ ተቋማት መሆናቸው ይታየኛል።

ወደ ጣዕሙ ልሂድ። ለ15 ግራም ቡና 250 ግራም ውሃ መጥኜ በወረቀት ማጣሪያ ሳወርደው፣ ገና ሲፈጭ የሚወጣው ሽታ የተጠበሰ ለውዝና ቡናማ ስኳር ያስታውሳል። በአፍ ውስጥ ቀድሞ የሚሰማው የወተት ቸኮሌት የመሰለ ጣፋጭነት ነው፤ ስኒው ለብ ሲል ደግሞ የብርቱካን ልጣጭ ዓይነት ለስላሳ ኮምጣጣነት ብቅ ይላል። ምሬቱ ዝቅተኛ ነው፤ ከተዋጠም በኋላ ምላስ ላይ የሚያደርቅ ነገር አይተውም። ወተት ቢጨመርበት ጣዕሙ አይሸነፍም፤ ጠዋት በትልቅ ኩባያ ይዞ ለሚወጣ ሰው ይህ ትልቅ ብቃት ነው። የይርጋ ጨፌን የአበባ ጠረን ወይም የሐረርን የፍራፍሬ ቃና የለመደ ሰው ግን «የት አለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የእነዚህ ዝርያዎች የሩቅ መነሻ የእኛው አገር ጫካ ቢሆንም፣ በየመን በኩል ወጥተው፣ ከፊሎቹ በጃቫና በአምስተርዳም የዕፅዋት ማሳያ፣ ከፊሎቹም በሬዩኒየን ደሴት ዞረው አሜሪካ የደረሱት ጥቂት ዘሮች ብቻ ነበሩ፤ የጣዕማቸው ስፋት ከኢትዮጵያ ቡና ጠበብ ማለቱ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ፔሩን በይርጋ ጨፌ ሚዛን መመዘን ፍትሐዊ አይመስለኝም። መመዘን ያለበት በንጽሕናው፣ በጣፋጭነቱና ከስኒ ስኒ ባለመለዋወጡ ነው፤ በሦስቱም ጥሩ ነጥብ ያገኛል።

ጥሬው ቡና ሰፌድ ላይ ሲፈስ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፤ መጠኑም ተቀራራቢ ነው። ለቀማው ብዙ ጊዜ አልወሰደም፤ ጥቂት የተሰበሩ፣ አንድ ሁለት የጠቆሩ፣ እንዲሁም በመርፌ የተበሱ የሚመስሉ ፍሬዎች አግኝቻለሁ። ያ ቀዳዳ የቡና ፍሬ ቦርቧሪ የምትባለው ትንሽ ጥንዚዛ ሥራ ነው፤ በስፓኒሽ ተናጋሪው ገበሬ ዘንድ ብሮካ ትባላለች፤ ኦርጋኒክ ማሳ ላይ ደግሞ እሷን መከላከል የሚቻለው በአመዛኙ መሬት የወደቀውንና ዛፍ ላይ የቀረውን ፍሬ እየለቀሙ በማጽዳት ነው።

በብረት ምጣድ ስቆላው ፍሬው እኩል ቀላ። የመጀመሪያው መንጣጣት (ፍሬው ሲቆላ የሚያሰማው ድምፅ) እንዳበቃ ባወርደው በማጣሪያ ግሩም ሆነ፤ በጀበና ግን ቀጠነ፣ ኮመጠጠም። ሁለተኛው መንጣጣት ሊጀምር ሲል፣ በጥቂቱ ፍሬ ጫፍ ላይ ዘይት ብልጭ ሲል ያወረድኩት ቡና ግን አቦሉ ወፈር ያለ፣ ቸኮሌቱ የጎላ፣ እንግዳ ፊት የማያሳፍር ሆነ። ከዚያ ካለፈ ግን ወዲያው የከሰል ጣዕም ይይዛል፤ ከምጣዱ ዓይንን መንቀል አይቻልም። ቶናው ደህና ነው። በረካው ግን ቀለም እንጂ ቡና አይደለም። የተቆላው ቡና በቤቱ ሲዞር የሚሰጠው ሽታም ከእኛ ቡና ቀነስ ይላል፤ ለብዙዎቻችን የቡናው ግማሽ ደስታ ያ ሽታ ስለሆነ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈለግሁም። መፍትሔ የሚፈልግ ሰው ሁለት እጅ የፔሩን ከአንድ እጅ የሐረር ደረቅ ቡና ጋር፣ ለየብቻ ቆልቶ ቢቀላቅል፣ በረካውም ነፍስ ይዘራል፤ ቡና አይደባለቅም የሚሉ ሰዎች ይቅር ይበሉኝ።

ከስኒ ስኒ አይለዋወጥም ያልኩት በተለይ የሚያስገርመኝ የአዘገጃጀቱን መንገድ ሳስብ ነው። በእኛ አገር የታጠበ ቡና ሲዘጋጅ ገበሬው በአብዛኛው ቀይ እሸቱን ለማጠቢያ ጣቢያ ያስረክባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የጣቢያው ነው። በሰሜን ፔሩ ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ ግቢ፣ በእጅ በሚዞር ትንሽ መፈልፈያ ይፈለፍላል፣ በገንዳ ያቦካል፣ ያጥባል፣ ዝናብ በማያስገባ የፕላስቲክ ዳስ ሥር ያደርቃል፤ ከዚያም ገለፈቱ ያልወለቀውን ደረቅ ፍሬ ከተማ ወዳለው የማኅበሩ መጋዘን ያደርሳል። አንዱ ቤት ከልክ በላይ ካቦካ፣ ሌላው ሳይደርቅ ከከተተ፣ የሚቀላቀለው ቡና ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ እኩል የሆነ ጣዕም የሚገኘው ማኅበሩ በመጋዘኑ በር ላይ እርጥበቱን የሚለካና ናሙናውን የሚቀምስ ሰው ካለው ብቻ ነው። በርካታ የፔሩ ማኅበራት የገበሬ ልጆችን በቡና ቅምሻ ያሠለጠኑት በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔም ለጭማሪ ዋጋው ምን አገኘሁ ብባል መጀመሪያ የምጠቅሰው ይህን ነው።

ማሳው ላይ ደግሞ ጥላ የሚሰጠው ኢንጋ የተባለው ዛፍ ሲሆን፣ ሥሩ ናይትሮጅን ስለሚያስገኝ ለኦርጋኒክ ገበሬ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል። ለማዳበሪያነት ከፓስፊክ ደሴቶች የሚሰበሰበውን የባሕር ወፎች ኩስ ይጠቀማሉ፤ ይህ ፔሩ ያላት፣ ሌሎች በቀላሉ የማያገኙት ዕድል ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 የቡና ቅጠል ዝገት የፔሩን ማሳዎች ክፉኛ በመታ ጊዜ፣ ብዙ ገበሬ አሮጌ ተክሉን ነቅሎ በሽታውን የሚቋቋመውን ካቲሞርን ተክሏል። ካቲሞር ምርት ይሰጣል፤ ጣዕሙ ግን ብዙ ጊዜ ሻከር ይላል። በከረጢቱ ላይ የዝርያዎቹን ስም መፈለግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን ስለ ገንዘቡ። በፌርትሬድ ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የታጠበ አረቢካ ዝቅተኛ ዋጋ በፓውንድ (454 ግራም ገደማ) 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነው፤ ኦርጋኒክ ከሆነ 40 ሳንቲም ይታከልበታል፤ በዚያ ላይ አባላቱ በጉባኤ ወስነው ለጋራ ሥራ የሚያውሉት 20 ሳንቲም አለ። ድምሩ 2 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ስለሚያጣ፣ ለ340 ግራም የተቆላ ቡና 400 ግራም ገደማ ጥሬ ያስፈልጋል፤ ይህም በዝቅተኛው ዋጋ ሲሰላ ከ2 ዶላር ትንሽ የበለጠ ነው። እኔ ከከፈልኩት 16 ዶላር ውስጥ ማለት ነው። ይህም ቢሆን ለማኅበሩ የሚደርስ እንጂ በቀጥታ ለገበሬው እጅ የሚገባ አይደለም፤ የማድረቂያው፣ የመጋዘኑ፣ የምርመራውና እስከ ፓይታ ወደብ ያለው የጭነት ወጪ ከዚያው ይቀነሳል። ቁጥሩን ያነሣሁት ማኅተሙን ለማጣጣል አይደለም። ዝቅተኛ ዋጋ ማለት ወለል ነው፤ የሚያገለግለውም ገበያው ሲወድቅ ነው። ለላኪ አገሮች ኮታ እየመደበ ዋጋን ይደግፍ የነበረው ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ከፈረሰ በኋላ የተከተለውን የዋጋ ውድቀት የሚያውቅ ሰው የዚህን ወለል ጥቅም አይጠራጠርም።

ገበያው ሲወጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የአረቢካ ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ደንቡ ከዝቅተኛውና ከገበያው ዋጋ የሚበልጠው እንዲከፈል ስለሚያዝ ማኅበሩ አይጎዳም ይባላል፤ በተግባር ግን ደላላው በገበሬው ደጃፍ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ሲቆም፣ ማኅበሩ የባንክ ብድር ይጠብቃል። ገበሬው ለደላላው ቢሸጥ ማን ይፈርድበታል? ማኅበሩ ግን አስቀድሞ የተዋዋለውን ቡና ማስረከብ ያቅተዋል። ስለዚህ እኔ ከማኅተሙ ይልቅ የምመለከተው ገዢው ድርጅት ገንዘብ አስቀድሞ ያበድር እንደሆነና ከአንድ ማኅበር ጋር ለዓመታት የቆየ እንደሆነ ነው።

ማኅተሞቹም አንድ አይደሉም። የፌርትሬድ ዓለም አቀፍ ማኅተም በቡና ላይ የሚሰጠው ለአነስተኛ ገበሬዎች ማኅበራት ብቻ ነው። የአሜሪካው ፌር ትሬድ ዩኤስኤ ግን እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ከዓለም አቀፉ ተለይቶ ሲወጣ ሰፋፊ እርሻዎችም እንዲገቡ ፈቅዷል፤ በዚህ አገር መደርደሪያ ላይ በብዛት የሚታየውም የእሱ ነው። ሦስተኛው፣ የላቲን አሜሪካ ገበሬዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ያስጀመሩት የአነስተኛ አምራቾች ምልክት ነው፤ እሱን የያዘ ከረጢት ካጋጠመኝ ሳላመነታ አነሣለሁ።

የኦርጋኒኩ ማኅተም የተሻለ ቁጥጥር አለበት። መሬቱ ለሦስት ዓመት ከተከለከሉ ኬሚካሎች ነጻ መሆን አለበት፤ በእነዚያ ዓመታት ገበሬው ምርቱ እየቀነሰ የኦርጋኒክ ዋጋ አያገኝም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከማርች 2024 ጀምሮ ለሚገባ ኦርጋኒክ ጭነት ሁሉ የማስመጫ ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ የአውሮፓ ኅብረት አዲስ ሕግ ደግሞ በአንድ የምስክር ወረቀት የሚታቀፍ የገበሬ ቡድን ከ2,000 አባላት እንዳይበልጥ ደንግጓል። ቁጥጥሩ ለእኛ ለጠጪዎች ጥሩ ነው፤ ሸክሙ ግን የሚወርደው ባለ ሁለት ሄክታሩ ገበሬ ላይ ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ቡናውን የቆላው ድርጅት በከረጢቱ ላይ የተቆላበትን ቀን አልጻፈም፤ «እስከዚህ ቀን ቢጠጣ ይመረጣል» የሚል ብቻ ነው ያለው። ያንን ያህል ዝርዝር በጀርባ ያሰፈረ ሰው ይህችን አንዲት መስመር መዝለሉ ያሳዝናል፤ ቡናው በተቆላ በወሩ ይሁን በስድስት ወሩ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ሁለተኛ ከረጢት ስገዛ ሽታው ደከም ብሎ ማግኘቴም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

መግዛት ለሚፈልግ ሰው ጊዜውም ወሳኝ ነው። በሰሜን ፔሩ ለቀማው በአብዛኛው ከሚያዝያ እስከ መስከረም ስለሆነ፣ አዲሱ ምርት ተጭኖ እዚህ የሚደርሰው በአሜሪካው መጸውና በክረምቱ መግቢያ ላይ ነው፤ በአሜሪካው በጋ የሚሸጠው ጥሬ ቡና ብዙውን ጊዜ የከረመ ነው። በማጣሪያ ለሚጠጣ ሰው የተቆላውን በ16 ዶላር እመክራለሁ። ለጀበና ግን ጥሬውን ገዝቶ ቤት መቁላት ይሻላል፤ በዋጋም ይረክሳል፤ ስንት ዓመት እንደከረመ ሻጩን ጠይቆ መልስ ካላገኘ ደግሞ ሌላ ሻጭ መፈለግ ነው።